ቤንዚኑ ነው

የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከማለዳ ጀምሮ የሻማ ምስል ይደረደራል። ወደ ላይ ሄጄ መነሻውን ፈለግሁት። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ኢንጂነር ወንዲፍራው ከዚህ ዓለም ድካም ስላረፉ ድንኳኑ ዛሬ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው በር ላይ ይተከላል» ይላል። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «ስላረፉ» የሚለው ላይ አልነበረም፤ «ኢንጂነር» የሚለው ላይ ነበር። ሰውየው ሞቶም አልተወንም አልኩ በሆዴ።

ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አንብባ «ውይ፣ ነፍስ ይማር» አለች። ቀጥላ ፊቴን አየችና «ዛሬን እንኳን ተወው በናትህ» አለችኝ።

አልተውኩትም። ሰው ሲሞት ድንገት ደግ፣ ድንገት ባለሙያ፣ ድንገት የሰፈር ምሰሶ ይሆናል። ድንኳን ውስጥ ሲወራ የሰማሁትን ሁሉ ባምን ኖሮ፣ እኛ ሰፈር አንድም ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ስለ ወንዲፍራው ግን የማውቀውን እጽፋለሁ። በሕይወት ሳለ «ጋሼ»፣ «እርስዎ» እያልኩ ነው የኖርኩት፤ እዚህ «እሱ» እለዋለሁ። ይህን ያህል እንኳን ይውጣልኝ።

የምንኖረው ጎሮ ነው፣ በማኅበር ተደራጅተን የሠራናቸው ቤቶች ውስጥ። በሮቻችን ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ማን ምን እንደገዛ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ለመደበቅ አይመችም። ወንዲፍራው ከእኔ ጎን ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል፣ ዕቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ነው። ጡረታ የወጣ ሰሞን እድሩ ተሰብስቦ ሳለ ተነሥቶ «ኢንጂነር ወንዲፍራው እባላለሁ» አለ። የት እንደተማረ የጠየቀው የለም። እኛ ሰፈር፣ ሰው ራሱን በጠራበት ስም መልሶ መጥራት ጨዋነት ነው። በዚያው ጸደቀለት፤ የእድሩ ጸሐፊም እንደዚያው ጻፈው።

ለምሕንድስናው መነሻ የሆነችው አንዲት አመድማ አሮጌ መኪና ናት። ሲገዛት ደህና ነበረች። በኋላ ግን ከጭስ ማውጫዋ ነጭ ጭስ መትፋት፣ ውኃ መጨረስ ጀመረች። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና የሞተሩ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል አለው፤ ከሞተሩ ራስና ከአካሉ መሐል የሚገባው ስስ ንጣፍ ማለት ነው። ሞተሩ ተከፍቶ መቀየር አለበት አለው። ወንዲፍራው ኮፈኑን በመካኒኩ እጅ ላይ ሊዘጋበት ምንም አልቀረውም። «ሌቦች!» እያለ ወጣ። ይህን ታሪክ ሲያወራ ድፍረቱን እንድናደንቅለት መሐል ላይ ዝም ይላል። እኛም እናደንቅለታለን።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ በሩ ላይ ሸራ ወጥሮ፣ ስልኩን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ፣ ቪዲዮ እያየ ሞተሩን ፈታው። የሚያየው ቪዲዮ ስለ ሌላ ዓይነት መኪና ነበር። ይህን ያወቅሁት ስልኩ ላይ ያለው ሞተር ቅርጹ እንደማይመሳሰል አይቼ ስለጠየቅሁት ነው። «ሞተር ሎጂክ ነው» አለኝ ሳያየኝ። «ሎጂክ ደግሞ ማርካ የለውም። አንተ የወረቀት ሰው ስለሆንክ አይገባህም።» የምሠራው ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ቢሮ ነው፤ ለእሱ በወረቀት የሚተዳደር ሰው ሁሉ እጁ የተቆረጠ ነው። የራሱም ዕድሜ በወረቀት ማለቁ ትዝ የሚለው አይመስለኝም።

ሞተሩ ተገጠመ። የሰፈር ሰው እያለፈ «በርቱ»፣ «እጅዎ ይባረክ» ይለዋል። ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ ሲያበቃ ሸራው ላይ አንድ እፍኝ የሚሞላ ብሎን ቀርቷል።

«ጋሼ፣ እነዚህስ?» አልኩት።

በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ። «ፋብሪካ ሁልጊዜ ትርፍ ያስገባል» አለ። «ለጥንቃቄ ነው።»

ብሎኖቹን ሰብስቦ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያ በኋላ መኪናዋን በከፈታት ቁጥር ቆርቆሮው እየሞላ፣ መኪናዋ እየቀለለች ሄደች። ቆርቆሮውን ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጦት አይቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ እያንኮሻኮሸ ያሳየዋል።

መኪናዋ ተነሣች፤ አልዋሽም። ግን እንደ ድሮዋ አልነበረችም። ቆማ ሳለ ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ ትሞቃለች። ማርሽ ሲቀየርላት ትጮኻለች። ወንዲፍራው የሚኖረው ለዚያ ሰዓት ነበር። ረጅም ካቻቢቴ ያመጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ግራ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ይህ ዝም በሉ ማለት ነው። መንገዱ በሙሉ ዝም ይላል። ልጆች ኳሳቸውን ይይዛሉ፣ ቲማቲም የምታዞረው ሴት ሳይቀር አፏን ትዘጋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆይና ቀና ብሎ ፍርዱን ይሰጣል።

«ቤንዚኑ ነው።»

ሁልጊዜ ቤንዚኑ ነው። ስትንቀጠቀጥ ቤንዚኑ ነው፤ ውኃ ተቀላቅሎበታል። ስትሞቅ ቤንዚኑ ነው፤ ጥራቱ ወርዷል። አንድ ጊዜ ክላክሷ እምቢ አለ። አሁንስ ምን ሊል ነው ብዬ ሆን ብዬ ወጣሁ። «ንጹሕ ያልሆነ ቤንዚን የበላች መኪና ኤሌክትሪኳም ይታመማል» አለኝ፣ ትንፋሹ እንኳን ሳይዛነፍ። አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጊዜ ደግሞ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ድምፅ የሌለው ሞተር ውሸታም ነው» ብሎን ሄደ። ቤንዚን የሌለው መኪና ሲበላሽ በማን እንደሚያሳብብ ግራ ገብቶት ይመስለኛል።

ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር ቁልፍ አዙሮ መንዳት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ይገባኛል። አንድ ነገር ፈትተህ ከገጠምክ በኋላ አልሠራ ካለህ፣ መጀመሪያ የምታየው አንተ የነካኸውን ነው። ወንዲፍራው የሚያየው ያልነካውን ብቻ ነበር። እጁ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ለእሱ ተመርቋል፣ አልቋል። ስለዚህ ጤነኛውን ዕቃ ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባና ያንን ደግሞ ያበላሻል። ማራገቢያውን ነካው፤ ማራገቢያው ቆመ። ማራገቢያውን ለማስነሣት ገመዶቹን ነካ፤ መብራቶቿ ጠፉ። ሚስቱ እትዬ አስናቀች፣ እኒያ ምስኪን ሴትዮ፣ በራቸው ላይ መኪና ቆሞላቸው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ነው ያረጁት። «እየተሞከረች ነው» ይላሉ ስንጠይቃቸው። ሌላ ነገር ብለው አያውቁም።

እኛም ሁላችን ይህን እያወቅን «እጅዎ ይባረክ» እንለው ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ይከፋዋል እንላለን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ያለውን ሰው አብልቶ አጠጥቶ ያሳድጋል። አሳደግነው፤ አደገም። ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ሳቄን ስቄ እረሳው ነበር እንጂ አልጽፍም።

ከእሱ በር ፊት ለፊት እትዬ ለተብርሃን ይኖራሉ። ግቢያቸውን ቆርሰው የሠሯት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ የዱቄት ሳሙና ይሸጡባታል። ከትግራይ መጥተው አዲስ አበባ የከተሙት ገና በልጅነታቸው ነው። ባላቸው ቀደም ብሎ ስለሞተ አንድ ልጃቸውን፣ ሀፍቶምን፣ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ሀፍቶም ዓረብ አገር ሄደ። የሄደ ቀን እትዬ እስከ ኤርፖርቱ ሸኝተውት ነበር። ከበሩ በላይ ማለፍ አይቻልም ስለተባሉ፣ ጀርባው ከመስተዋቱ ወዲያ እስኪጠፋ ድረስ ውጭ ቆመው እንዳዩት ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። ጀርባው ላይ የነበረውን ሰማያዊ ሻንጣ እያነሡ ነው የሚነግሩኝ።

ሀፍቶም እዚያው ታሞ ሞተ። አስከሬኑን ለማምጣት ብዙ ወረቀትና ብዙ ደጅ መጥናት ጠየቀ። በመጨረሻ የሚመጣበት ቀን ታወቀ። የእድሩ ሽማግሌዎች ለእትዬ መከሩ። እናት ካርጎ በር ላይ ቆማ ሣጥን ስትቀበል ልቧ አይችለውም፣ ቤተ ክርስቲያን ሆነው ይጠብቁ አሏቸው።

«አይሆንም» አሉ እትዬ። «እኔው ሸኝቼዋለሁ፣ እኔው እቀበለዋለሁ። ከበሩ ሲወጣ ማንም ሰው ሳይሆን እኔን ነው የሚያገኘው።»

ይህን ያልነገሩት ሰው አልነበረም። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልቀረም።

የዕለቱ ዕለት ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ማን በማን መኪና ይሄዳል የሚለው ሲደለደል ወንዲፍራው ተነሣ። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ግን የሞተር ዘይት አለ።

«እናትየው በእኔ መኪና ትሄዳለች» አለ። «ለክብሯ ስል ትናንት ሙሉ ሰርቪስ አድርጌላታለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያችን መኪና የማያውቅ አልነበረም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ። የእድሩ ሊቀመንበር ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩና «እግዚአብሔር ይስጥልን ኢንጂነር» አሉ። አለቀ። በዚያች በአንዲት ቃል አለቀ። ስንወጣ ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ አብረሃቸው ግባ፣ ምናልባት…» አሉኝ። አልጨረሱትም።

እትዬ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔ አጠገባቸው። በመሐላችን የታሸገ ውኃ አለ፤ እናት ተዝለፍልፋ ብትወድቅ ተብሎ የተያዘ ነው። የእትዬ ወንድም አቶ አብርሃ ወረቀቶቹን ይዘው ከፊተኞቹ መኪኖች ጋር ቀድመው ሄዱ። ወንዲፍራው በዝግታ ነው የሚነዳው። «ሞተር አይጨነቅም» ይላል። የእኛን ጎረቤቶች የጫኑት መኪኖች እያለፉን ሄዱ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በመስኮቱ ያያሉ።

ቀለበት መንገዱ ላይ እንደወጣን ሽታው መጣ። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ወንዲፍራው በግራ በኩል ወደ መሐለኛው አጥር ተጠጋና አቆመ።

«ማንም እንዳይወርድ!» አለ። «ቤንዚኑ ነው። ሁለት ደቂቃ።»

ወረድኩ። ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊታችንን ገረፈው። ከራዲያተሩ የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ጫፉ ላይ በሽቦና በጨርቅ ታስሯል። ውኃው ከእዚያ ከጨርቁ ሥር እየፈላ ይንዠቀዠቃል። ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን መኖሩ ይበቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ የታሰረው ነው የሚያፈሰው» አልኩት።

«እሱን ትናንት በእጄ ነው ያሰርኩት!» አለኝ ተቆጥቶ።

ለእሱ ይህ ማስረጃ ነበር። በእጁ የታሰረ ነገር ሊያፈስ አይችልም። ካቻቢቴውን ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገና ግራ እጁን አነሣ። ቀለበት መንገድ ላይ፣ ሲኖትራኮች አጠገባችን እያገሡ፣ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠን። ከዚያ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች መፍታት ጀመረ። ካንዴላዎቹ ምንም አልሆኑም። ዕድላቸው ሆኖ ትናንት አልነካቸውም ነበር።

ቀጥሎ ለእትዬ የተያዘውን ውኃ ከኋላ መቀመጫ አንሥቶ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። አንዱን ጠርሙስ ጨርሶ ሌላውን ከፈተ። ውኃው በዚያው በጨርቁ ሥር ወርዶ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። እትዬ በመስኮቱ ያያሉ።

መኪና ለማስቆም ሞከርኩ። እዚያ መንገድ ላይ በዚያ ፍጥነት የሚቆም የለም። በስልኬ የራይድ መኪና ጠራሁ፤ ሹፌሩ ደውሎ በማዶ በኩል እንዳለና ዞሮ ለመምጣት እንደሚቆይ ነገረኝ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። አቶ አብርሃ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ? ሣጥኑ ሊወጣ ነው። እሷን ልጠብቅ ወይስ ሰው ልላክ?»

አፌን ሳልከፍት ወንዲፍራው በዘይት እጁ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «ደርሰናል፣ በሩ ጋ ነን!» አለ። «እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ!» ዘጋውና መለሰልኝ። «ሰውን አታስጨንቅ» አለኝ።

መልሼ ልደውል ስል እትዬ በመስኮቱ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሰው ፊት አታዋርደው፤ ይከፋዋል። በጎ ብሎ እኮ ነው የመጣው። እንደርሳለን አለ እኮ።» ልጇ ሞቶ ሣጥኑን ልትቀበል የወጣች ሴት፣ የወንዲፍራው ልብ እንዳይሰበር ተጨነቀች። ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ይኖር እንደሆነ አላውቅም። እጃቸውን አስለቅቄ ደወልኩ፤ የአቶ አብርሃ ስልክ አይነሣም።

እትዬ ከመኪናው ወረዱ። መንገዱን ለሁለት ወደሚከፍለው አጥር ሄደው ብረቱን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ከኤርፖርት የሚመጡት መኪኖች ይወርዳሉ።

መጀመሪያ የሰማሁት ጥሩምባውን ነው። ቀጥሎ መብራታቸውን ያበሩ መኪኖች መጡ። ከፊት አበባ የተደረገባት፣ በኋላ መስኮቷ ሣጥኑ የሚታየው መኪና ነበረች። ከአጥሩ ወዲያ፣ ወደ ጎሮ፣ ወደ መጣንበት ትሄዳለች። ከኋላዋ ያሉት መኪኖች ውስጥ ሴቶች በመስኮት ወጥተው ደረታቸውን ይደቃሉ። እናትየው ከእነሱ ጋር ያለች መስሏቸዋል። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ «ሀፍቶም!» ብለው ተጣሩ። እጃቸውን በአጥሩ ብረት መሐል አሾልከው ዘረጉ። መኪናዋ አለፈች።

ያን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ድምፅ መጣ። «አሁን ሞክረው!» አለኝ ወንዲፍራው። «ቁልፉን አዙር! አገኘኋት!»

ቀና ብሎ እንኳን አላየም። ልጃቸው በአጠገቡ ሲያልፍ ራሱን ሞተር ውስጥ ቀብሮ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሼ ያን ሰዓት ባስበው ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ዛሬም እየጻፍኩት ይፈላል።

«አለፈኝ» አሉ እትዬ ወደ እኔ ዞረው። «ልጄ አለፈኝ።» አላለቀሱም። ልቅሶውን የት እንደሚጀምሩት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

ነገሩን በሩቅ ያየ አንድ ሚኒባስ ቆመልን። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሣጥኑ ገብቶ ፍትሐቱ ተጀምሯል። እትዬ በሰው መሐል ተሹለክልከው ቀርበው ሣጥኑን በመዳፋቸው ነኩት። አቶ አብርሃ «በሩ ጋ ነን ብላችሁኝ አልነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ወንዲፍራው ማታ ላይ መኪናውን አስጎትቶ ገባ። በማግሥቱ ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጠና ቅየጣ አገሩን እንዴት እንዳጠፋው ያወራ ጀመር። የቤንዚን ማደያው፣ ቦቴው፣ ውኃው። እትዬ ያዳምጡታል። አፉን ነበር የሚያዩት። አንድ ነገር ከዚያ አፍ ይወጣል ብለው ሲጠብቁ እኔ አያቸዋለሁ። ወሬውን ጨርሶ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ወጣ።

ብዙ ወር ካለፈ በኋላ ዳቦ ልገዛ ሱቃቸው ሄጄ ሳለ ራሳቸው አነሡት።

«መኪና ይበላሻል፣ መኪና ነው» አሉኝ። «አልተቀየምኩትም። ግን 'አጠፋሁ ለተብርሃን' ቢለኝ። አንድ ቃል። ሌላ ምን እጠይቀዋለሁ? የሱቄን በር አልፎ ሲሄድ ባየሁት ቁጥር ዛሬ ይለኝ ይሆናል እላለሁ።»

ወንዲፍራው በሱቁ በር የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ነው። እጁን የሚያጥብበት ሳሙና ከእሳቸው ይገዛል። ቆም ብሎ ያወራል፤ ስለ ማርሽ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ቤንዚን። እሳቸው ሳሙናውን በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ከዚያ ይሰጡትና ይሄዳል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ሸራው ሥር እንዳጎነበሰ ሄጄ «ጋሼ፣ እትዬን አንድ ቃል ቢሏቸው ጥሩ ነበር» አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ። «ቤንዚኑን የቀየጥኩት እኔ ነኝ? ሰው ውለታ አያውቅም ልጄ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ መኪናዬን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ።»

ሰውየውን የናቅሁት መኪናውን ስላበላሸ አይደለም። ሰው ያበላሻል። አንዲት እናት በሯ ላይ ቆማ አንዲት ቃል ስትጠብቅ፣ እሱ ዕድሜ ልኩን ጥፋት የሚፈልገው እጁ ባልደረሰበት ቦታ ስለሆነ ነው የናቅሁት። ከዚያ በኋላ ሰላምታ እየሰጠሁት ኖርኩ። «እርስዎ» ማለቴንም አልተውኩም። ግን አንድም ቀን «እጅዎ ይባረክ» ብዬው አላውቅም።

እና ሞተ። ለልቅሶው ሄድኩ፤ እድር ነው፣ አይቀርም። ድንኳኑ እሱ በር ላይ ተተክሏል። ነፋስ ስለነበረ የድንኳኑን አንድ ገመድ የሚያስሩበት አጥተው ከመኪናዋ ጋር አስረውታል። ጎማዋ ተንፍሶ፣ ኮፈኗ በሸራ ተሸፍኖ፣ ድንኳን ወጥራ ቆማለች። ሞተሯ ከተከፈተ ወዲህ ረብ ያለው ሥራ ስትሠራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ሊቀመንበሩ «እንደ ኢንጂነር ያለ እጀ ብርቱ ከየት ይገኛል» ይላሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ንፍሮ የሚያዞር ጠፍቶ ትሪውን ተቀብዬ ወደ ሴቶቹ በኩል ሄድኩ። እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገብተው ከእትዬ አስናቀች አጠገብ ተቀምጠዋል። እትዬ አስናቀች የእሳቸውን እጅ ይዘው ያለቅሳሉ።

«ለተዬ» አሉ፣ «ስላንቺ ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም እኮ። ታሞ ተኝቶም ያቺን ቀን ነበር የሚያነሳው። በመጨረሻ ትንፋሽ ሲያጥረው ጠጋ በይ አለኝና ለለተብርሃን ንገሪልኝ አለኝ።»

እትዬ ለተብርሃን ቀና አሉ። እኔም ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የእትዬ ፊት እንደዚያ ሲበራ ከሀፍቶም ሞት ወዲህ አይቼ አላውቅም። ለአፍታ እኔ ራሴ ሰውየውን በድዬው ኖሬ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

«ምን ብሎ?» አሉ እትዬ ለተብርሃን። ድምፃቸው ሊሰማ አልቻለም፤ ደግመው ጠየቁ። «ምን ብለሽ ንገሪያት አለሽ?»

እትዬ አስናቀች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«'ያን ቀን ቤንዚኑ ነበር በያት' አለኝ።»

እትዬ ለተብርሃን ከንፍሮው ጥቂት አንሥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉና እያዩት ቆዩ። ከዚያ የጎረቤታቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

«ነፍሱን ይማረው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ጨመሩበት። «ቤንዚኑንም ይማረው።»